ሁለቱ ሰንበታት በይፋት ቆላ
ልጆችን በቤት ትተው ለዕረፍት ስለሚሄዱ ባልና ሚስት

ሰው ትዳር ይዞ፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ ሲኖር ስሙ እየተለወጠ ይሄዳል። ባል የነበረው «የእገሌ አባት» ይባላል፤ ሚስት የነበረችውም «የእገሊት እናት» ትባላለች። ይህ የክብር ስም ስለ ሆነ የሚጠላው የለም። ነገር ግን ዓመታት ሲደራረቡ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው እንኳ በዚህ ስም ብቻ ይተያያሉ፤ ንግግራቸውም ሁሉ ስለ ልጆች ልብስና ትምህርት፣ ስለ ቤት ወጪና ስለ ገበያ ዋጋ ይሆናል። በመጀመሪያ ያገናኛቸው ፍቅር ያን ጊዜ እንደ ተዳፈነ እሳት ከዐመድ በታች ይቀራል። የተዳፈነ እሳት አልጠፋም፤ ዳሩ ግን በጊዜው የሚገልጠው ሰው ካላገኘ ጧት ሲነሡ በርዶ ይገኛል።

ስለዚህ ጉዳይ በቤተ ሰብ ገጻችን ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ አጭር ጉዞ ነው። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ በመጣው ቅዳሜና እሑድ፣ እኛና ባለቤታችን ከወዳጆቻችን ጋራ ሦስት ባልና ሚስት ሆነን፣ ልጆቻችንን በቤት ትተን ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ወርደን ነበር። የሄድነው ለሁለት ቀንና ለአንዲት ሌሊት ብቻ ነው፤ ያገኘነው ትምህርት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ጉዞው ሲታሰብ መጀመሪያ የተነሣው ክርክር የገንዘብ ወይም የመኪና አልነበረም፤ የሕሊና ክርክር ነበር። በአገራችን ልማድ እናትና አባት ልጆቻቸውን ትተው የሚሄዱት ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሥራ ወይም ለሕክምና ነው። ለዕረፍት ሲሄዱ ግን ጎረቤት «ምን ጎድሎባቸው ነው?» ይላል። የመጨረሻው ልጃችን ያን ጊዜ ገና የአራት ዓመት ልጅ ስለ ነበረ፣ ባለቤታችንም «እኔ በጥላ ሥር ተቀምጬ ፓፓያ ስበላ እርሱ ቢያለቅስ ምን ዐይነት እናት ነኝ?» እያሉ አሳቡን ሁለት ጊዜ አፈረሱት። ልጆቹን ይዞ መሄድም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በአገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ያለው ቆላ የወባ አገር ነው፤ ወባ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የምትጎዳው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ነው። ደግሞም ልጆች ባሉበት ጉዞ እናት ዕረፍት አታገኝም፤ የማጀት ሥራዋን በሌላ አገር ትሠራለች እንጂ።

ነገሩን የቆረጡት አማታችን ናቸው። አንድ ቀን ክርክራችንን ሰምተው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ስድስት ያሳደግሁ ሴት ለአንዲት ሌሊት ሦስት ልጅ መጠበቅ ያቅተኛልን? ይልቅስ ሂዱና ተነጋገሩ፤ በዚህ ቤት ከስንት ጊዜ ጀምሮ እናንተ ሁለታችሁ ስትስቁ አልሰማሁም» አሉን። ይህ ቃል ልባችንን ወጋው፤ እውነት ነበርና።

ቅዳሜ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሥተን በሰንዳፋና በሸኖ አልፈን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ብርሃን ስንደርስ የሜዳው ሣር ገና በውርጭ ነጥቶ ነበር። ይህች ከተማ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቀመጡባት ናት። ከወዳጆቻችን አንዱ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ብለን የምንጠራቸው ሰው፣ በዚያ ትኩስ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ነገር አስታወሱን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ዓ.ም. በዚሁ በተጉለት ምድር፣ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና እንድትከበር የተወሰነው በእኒሁ ንጉሥ ዘመን ነው። «እንግዲህ የሁለት ቀን ዕረፍት ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ አይደለም፤ አባቶቻችን ቀድመው አስበውበታል፤ እኛ ነን የረሳነው» ብለው ሳቁ። እርግጥ ነው የአባቶቻችን ሰንበት ለጸሎት የተለየ እንጂ ለሽርሽር የታሰበ አልነበረም። ቢሆንም ሰው ከሥራው አርፎ ፈጣሪውንና ቤተ ሰቡን የሚያስብበት ቀን እንዲኖረው ማስፈለጉ አንድ ነው።

ከደጋ ወርዶ በሙቀት ማረፍም ለሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሥ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ብርድ ሳሉ ወደ ፍል ውኃ እየወረዱ ይታጠቡና ያርፉ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እቴጌይቱ ቦታውን ወድደው በዚያ ቤት ስላሠሩ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መናገሻ ከተማችን ራሷ ባልና ሚስት ከወዳጆቻቸውና ከመኳንንቶቻቸው ጋራ ለዕረፍት ከወረዱበት ስፍራ የተነሣች ናት ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ስንቀጥል በመንገዱ ላይ በአበባና በሪባን ያጌጡ የሠርግ መኪናዎች አገኘን። ጥር የሠርግ ወር ነውና በየመንደሩ ከበሮ ይመታ፣ እልልታም ይሰማ ነበር። ባለቤታችን በመስኮት አሻግረው አንዲት ሙሽራ አዩና «ዐሥራ አራት ዓመት ሆነን» አሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን።

ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የደጋው ጫፍ ነው። ጣሊያኖች አገራችንን በወረሩባቸው በአምስቱ ዓመታት ተራራውን በስተው ያወጡት የምድር ውስጥ መንገድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከወዲህ በጭጋግ ገብተን ከወዲያ ስንወጣ ዓለም ተለወጠ፤ ከእግራችን በታች ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም ወዲያ የይፋት ቆላ እስከ አፋር ምድር ድረስ በሰማያዊ ጉም ተሸፍኖ ተዘርግቶ ታየን። በደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፤ መንገደኛ በዚያ አልፎ ቆሎ ሳይገዛ አይሄድምና። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 2000 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ሰው በየ1000 ሜትሩ ሲወርድ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ በደብረ ሲና ካፖርታችንን፣ በአርማንያ ሹራባችንን፣ በሸዋ ሮቢት ደግሞ ኮታችንን አወለቅን። ጋሼም «በየሺው ሜትር አንድ አንድ ሸክም አወረድን፤ የልባችንም ሸክም እንዲሁ ቢወርድ!» አሉ።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ከ220 ኪሎ ሜትር ትንሽ እልፍ ብላ የምትገኝ የቀወት ወረዳ ከተማ ናት። የሮቢ ወንዝ ከደጋው ተራራ ወርዶ በአጠገቧ ያልፍና ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። ገበሬው ወንዙን በቦይ እየጠለፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ብርቱካን ያለማል፤ በዝናብም ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይዘራል። ይህ አገር በጥንት ጊዜ የይፋት ሱልጣኖች ግዛት ነበረ። የወላስማ ቤት መንግሥት በ13ኛው መቶ ዓመት ተነሥቶ ከባሕር ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይዞ ሲኖር ቆይቶ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋራ ተዋግቶ ተሸንፏል። በድንጋይ የተሠሩት የጥንት ከተሞቹና መስጊዶቹ ፍርስራሽ ዛሬም በይፋት ተራሮች ወገብ ላይ ይታያል።

በቀትር ጊዜ በአንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። የስፍራው ባለቤት የበሰለ ፓፓያ በቢላዋ እየሰነጠቁ አቀረቡልን። እኛ የመሥሪያ ቤት ነገር እንዳይነሣ አስቀድመን ተማምለን ስለ ነበረ መጀመሪያ ላይ ወሬ አጣን። ሰው የሹመትና የደመወዝ ወሬ ሲከለከል ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን በዚያ ተረዳነው። ዝምታውን የሰበሩት የጋሼ ባለቤት እትዬ ናቸው።

«እናንተ ልጆቻችሁ ትንንሾች ሳሉ መምጣታችሁ ደግ አድርጋችኋል» አሉ። «እኛ አራት ልጅ ስናሳድግ አንድ ቀን እንኳ ለብቻችን ወጥተን አናውቅም ነበር። ሁሉም አድገው በየቤታቸው ሲሄዱ አንድ ማታ ለራት ፊት ለፊት ተቀመጥን። የምንነጋገረው አጣን። ወጡ ጨው እንደ በዛበትና እንዳልበዛበት ተነጋግረን ተነሣን። እኔ ያን ሌሊት አለቀስሁ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርሁት ሰው እንግዳ ሆነብኝ።» ጋሼም አንገታቸውን ደፍተው «እኔም አላንቀላፋሁም ነበር፤ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ፤ ምን እንደምልሽ ስላላወቅሁ ነው ዝም ያልሁት» አሏቸው። እትዬ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ይህን እስከዚያች ቀን አያውቁም ነበርና። ከእኛም መካከል የሚናገር ጠፋ።

ማታ ከራት በኋላ ሁላችን በየተራ የልጅነታችንን ታሪክ እንድናወራ ተባለ። ተራው ባለቤታችን ላይ ሲደርስ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው መምህር ሆነው ወደ ቆላ አገር ተሹመው እንደ ነበረ፣ እርሳቸውም ከቆላው ልጆች ጋራ በድብቅ ወንዝ እየወረዱ ዋና እንደ ተማሩ፣ አንድ ቀንም ጎርፍ ሊወስዳቸው ሲል አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ በትሩን ዘርግቶ እንዳወጣቸው ተናገሩ። የልጁን አነጋገርና የራሳቸውን ፍርሃት እያስመሰሉ ሲያወሩ ሁሉም በሣቅ ወደቁ። እኛ ግን ሣቃችን ከመገረም ጋራ ተቀላቀለብን። ዐሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ዋና መቻላቸውን እንኳ አናውቅም ነበር። ወዳጅ ለባልና ሚስት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ባል የማይጠይቀውን ወዳጅ ይጠይቃልና፣ ሰውም የሚስቱን ጨዋታ በሌላ ሰው ጆሮ እንደ ገና ይሰማዋል።

ሣቁ ሳይበርድ፣ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ስልክ ተደወለ። ትንሹ ልጃችን ትኩሳት ይዞት ነበር።

ባለቤታችን ወዲያው ተነሥተው ነጠላቸውን ለበሱ፤ «ዐውቄ ነበር» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኛም የመኪናውን ቁልፍ ያዝን። ወዳጆቻችንም ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ተነሡ። ነገር ግን አማታችን በስልክ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉን። «ልጁ ተኝቷል፤ ነርሷ ጎረቤታችን መጥታ አይታዋለች፤ መድኃኒትም ሰጥታዋለች፤ ጉንፋን ነው ብላለች። የሚብስበት ከሆነ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ እኔ እወስደዋለሁ። እናንተ ግን በጨለማና በጭጋግ ያን ገደል ወጥታችሁ አንድ ነገር ብትሆኑ ለታመመ ልጅ ምን ትጠቅሙታላችሁ? እስኪነጋ አትንቀሳቀሱ።»

እውነት ተናገሩ፤ መታዘዝ ግን ቀላል አልነበረም። ነርሷም ራሷ በስልኩ ቀርባ ያየችውንና የሰጠችውን ነግራን ነበርና፣ ብዙ ከተከራከርን በኋላ በየሰዓቱ እንዲደወልልን፣ ትኩሳቱም ከጨመረ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት እንዲወሰድ ተስማምተን ቀረን። ያን ሌሊት ሁለታችን በአልጋው ላይ በአጎበሩ ውስጥ ተቀምጠን፣ ስልኩን በመካከላችን አድርገን ነቅተን ቆየን። በዚያች ሌሊት አንድ ነገር ገባን፤ ለመጻፍ የሚያሳፍር ቢሆንም እንጽፈዋለን። ሦስቱ ልጆቻችን በታመሙባቸው ሌሊቶች ሁሉ የነቁት ባለቤታችን ናቸው። እኛ «ነገ ሥራ አለ» ብለን ተኝተናል፤ ጧት ተነሥተንም «እንዴት አደረ?» ብለን ጠይቀን ወጥተናል። የታመመ ልጅ የሚጠበቅበት ሌሊት እንዴት ረጅም እንደ ሆነ ያወቅነው ከልጁ 220 ኪሎ ሜትር ርቀን በዚያች አንዲት ሌሊት ነው። ይህንኑ ለባለቤታችን ነገርናቸው። እርሳቸውም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው «ማወቅህ ይበቃኛል» አሉን።

ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ትኩሳቱ እንደ ወረደ ተነገረን። ጧት በ1 ሰዓት ልጁ ራሱ በስልኩ መጥቶ «ግመል አያችሁ?» ብሎ ጠየቀን። አላየንም ብንለው አዘነ። ከነርሷም ጋራ ተነጋግረን መዳኑን ካረጋገጥን በኋላ ግመሉን ፍለጋ ወደ ሰንበቴ ሄድን።

ሰንበቴ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ የምትገኝ ስትሆን በየእሑዱ የሚቆመው ገበያዋ እጅግ የታወቀ ነው። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይወጣል፤ ኦሮሞው ከብቱንና ቅቤውን ያመጣል፤ በሽመናና በንግድ የታወቀው አርጎባም ጨርቁን ዘርግቶ ይቀመጣል። በአራት ቋንቋ ይከራከራሉ፤ በዋጋው ግን ይስማማሉ። ደጋ ያለ ቆላ፣ ቆላም ያለ ደጋ እንደማይኖር በዚያ ይታያል። እትዬ ገበያውን ተመልክተው «ትዳርም እንዲህ ነው፤ አንዱ የሌለውን ሌላው ይዞ ካልመጣ ገበያው አይቆምም» አሉ። እኛም በስልካችን የግመል ሥዕል አንሥተን፣ ለልጆቹ ብርቱካን ገዝተን፣ በቀትር ወደ ደጋው ተመለስን። ካፖርታችንን በጣርማ በር እንደ ገና ለበስነው።

ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ትንሹ ልጅ በአያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ የግመሉን ሥዕል ተቀበለን እንጂ ያለቀሰ ልጅ አላገኘንም። ባለቤታችን ስለ ወንዙ ያወሩትን ታሪክ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለአማታችን ነገሯቸው። አማታችንም «ያን ቀን ጠጕርሽ ርጥብ ነበር፤ ዐውቄ ዝም አልሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በይፋት ላይ ብዙ መከራ ወርዷል። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤቷ አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ፓፓያውን ያቀረቡልን ሰው ከቤተ ሰባቸው ጋራ ወጥተው ከወራት በኋላ እንደ ተመለሱና ማንጎው እንዳልተቆረጠ በስልክ ነገሩን። ያን ጊዜ ያረፍንባት አንዲት ሌሊት ምን ያህል ስጦታ እንደ ነበረች ያወቅነው በኋላ ነው። ሰላም ሳለ ዕረፍትን ለነገ የሚያስተላልፍ ሰው ነገን የራሱ ገንዘብ አድርጎ የቈጠረ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚያስቡ ባልና ሚስት ከደረሰብን በመነሣት ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ልጆች ተኝተው ሳሉ ተሰርቆ መሄድ ክፉ ነው፤ ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ንገሯቸው፤ በተናገራችሁትም ሰዓት ተመለሱ። የምትተዉአቸው በደንብ ከሚያውቁት ሰው ዘንድ ይሁን፤ የሐኪሙን ስልክና የመድኃኒቱን ስፍራ ጽፋችሁ ተዉ። የመጀመሪያው ጉዞ ከአንዲት ሌሊት አይለፍ። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሌሊት በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ከተመለሰም በኋላ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ቢይዘው ቆላ ወርዶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ ይናገር። የመንገዱንም ደኅንነት አስቀድሞ ሳይጠይቅ አይነሣ። ለወዳጅነት የምትመርጡት ጠጪና ተከራካሪ አይሁን፤ ወጪውም አስቀድሞ ይወሰን። ወደ ሩቅ መሄድ የማይችልም ቢሆን ከቤቱ ደጅ ወጥቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሚስቱ ጋራ በእግሩ ይሂድ፤ ዋናው ነገር መንገዱ ሳይሆን ንግግሩ ነውና።

ልጆች ከወላጆቻቸው የሚወርሱት ቤትና ርስት ብቻ አይደለም። አባትና እናት እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩና ሲሳሳቁ የሰማ ልጅ እርሱም በጊዜው ትዳሩን እንዴት እንደሚይዝ ከዚያ ይማራል። ስለዚህ ለሁለት ቀን ልጆቹን ትቶ ሄዶ ሚስቱን አግኝቶ የተመለሰ አባት ከልጆቹ የወሰደባቸው ነገር የለም፤ ያመጣላቸው ነገር አለ እንጂ። በእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲታመም የሚነቁት ሁለት ሰዎች ናቸው።